ደጅ በተጠናበት ቤት ውስጥ ኪታብ፦ የደሴ ሙዚየምና የወሎ የዒልም ቅርስ

ከውርጌሳ ተነሥቶ በዋናው መንገድ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው ደሴ ከመድረሱ በፊት ውጫሌንና ሐይቅን ያልፋል። ውጫሌ በሚያዝያ 1881 ዓ.ም የተፈረመው የኢትዮጵያና የኢጣሊያ ውል በስሟ የሚጠራባት ናት። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ደግሞ ለዘመናት መጻሕፍት የተጻፉበትና የተጠበቁበት ስፍራ ነው። ሁለቱንም ማንኛውም ተማሪ ከታሪክ መጽሐፉ ያውቃቸዋል። በዚሁ አገር ደረሳ ስንቁን ተሸክሞ ከሸይኽ ወደ ሸይኽ እየተዘዋወረ ፊቅህን ከአንዱ፣ ነሕውን ከሌላው፣ ተፍሲርን ከሦስተኛው የቀራባቸውን ቤቶች ግን የሚያውቃቸው ከውስጣቸው የወጣ ሰው ብቻ ነው።

ደሴ ሲደረስ የከተማዋ ሙዚየም የሚገኘው በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ የቀድሞ መኖሪያ ቤት ነው። ከውርጌሳ፣ ከመርሳ ወይም ከወልድያ ተማሪዎቹን ይዞ ለሚነሣ መምህር በቅርብ ከሚደርስባቸው ታሪካዊ ቤቶች አንዱ ይህ ነው። ቁርኣን በምድር ተጉዞ ያለፉትን ሰዎች ፍጻሜ መመልከትን በተደጋጋሚ ስለሚያዝ፣ እንዲህ ያለ ጉዞ ለሙስሊም መምህር ከመዝናኛ በላይ ነው። ስለዚህም ሊመረመር ይገባዋል፤ የሚመለከት ሰው ምን እንደሚያይ ብቻ ሳይሆን ከየትኛው ወገን ቆሞ እንደሚያይ ማወቅ አለበት።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አንድ ነው። የወሎ ኪታብ ከተቀራበት ቤት ወጥቶ በመኳንንት ቤት ሲቀመጥ፣ ማን እንደ ጻፈው፣ ማን ወቅፍ እንዳደረገው፣ ከማን ዘንድ እንደተቀራ የሚናገረው ታሪክ አብሮት ካልገባ፣ የዳነው ወረቀቱ ብቻ ነው። ይህን ታሪክ አጽፎ የማቆየት ኀላፊነት ደግሞ ከሙዚየሙ ሠራተኛ በፊት በኢማሙና በመምህሩ ላይ ይወድቃል።

ቤቱ ራሱ የሚያስተምረው

የሹም ቤት ሙዚየም ሲሆን የመጀመሪያው የሚታይ ዕቃ ቤቱ ራሱ ነው። የመኳንንት ግቢ የሚሠራው ሰውን በማዕረጉ ለመለየት ነበር፤ በደጅ የሚቆም፣ በግቢ የሚቀመጥ፣ ወደ አዳራሽ የሚዘልቅ፣ እስከ እልፍኝ የሚገባ ሰው ልዩነቱ በግንቡና በበሩ ይታወቅ ነበር። ባላገሩ ፍርድ ፈልጎ፣ ሹመት ያጣው ሹመት ፈልጎ ለቀናትና ለወራት የሚቆምበት ሥርዓት ደጅ ጥናት ይባል ነበር። ዛሬ በእንዲህ ያለ ደጅ የገበሬ ልጅም የነጋዴ ልጅም ያለ አስገቢ ይገባል። ይህን ለውጥ የሚያቃልል ሰው የቀድሞውን ደጅ አያውቀውም።

ይሁንና ደጁ ቢከፈትም ቤቱ የሚተርክበት አቅጣጫ በራሱ አይለወጥም። በሹም ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ ሁሉ የሹም ታሪክ ማስረጃ ወደ መሆን ያዘነብላል። ጋሻው ስለ ዘመቻ፣ ካባው ስለ ማዕረግ፣ ወንበሩ ስለ ሥልጣን ይናገራል። ጎብኚውም ከክፍል ወደ ክፍል ሲሄድ የአገሩን ታሪክ እንደ ሹማምንት ዝርዝር አድርጎ መያዝ ይጀምራል።

በወሎ ይህ ዝንባሌ ልዩ ውጤት አለው። ደሴን መናገሻቸው ያደረጓት ንጉሥ ሚካኤል አስቀድሞ ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ነበሩ። በ1870 ዓ.ም ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ ትእዛዝ ክርስትናን ተቀበሉ፤ በ1906 ዓ.ም የወሎና የትግራይ ንጉሥ ሆኑ፤ በጥቅምት 1909 ዓ.ም በሰገሌ ጦርነት ድል ሆነው ተማረኩ። ታሪኩ በሹማምንቱ በኩል ብቻ ሲተረክ እስልምና የሚገባው በአንድ በር ነው፦ ሹም ሃይማኖቱን ሲለውጥ ወይም እንዲለውጥ ሲታዘዝ። ያን ጊዜ የወሎ እስልምና አንድ መስፍን ትቶት የሄደ ነገር ይመስላል።

ከዚያ በር ውጭ ያለው ታሪክ ሌላ ነው። ከቦሩ ሜዳ ብዙ አስቀድሞ በጀማ ንጉሥ የሸይኽ ሙሐመድ ሻፊ ዛውያ የዒልምና የዳዕዋ ማእከል ነበር። በጌታ ሸይኽ ቡሽራ፣ በየጁ ምድር በዳና ደግሞ ሸይኽ አሕመድ ኢብን አደም ያቀሩ ነበር። ትእዛዙ በወጣ ጊዜም ሸይኽ ጦልሓ ኢብን ጃዕፈር በግልጽ ተቃወሙት፤ በዐጀሚ ማለትም በዐረብኛ ፊደል በተጻፈ አማርኛም ሕዝቡን አስተማሩ። አላህ ሁሉንም ይዘንላቸው። የእነዚህ ስፍራዎች ኀይል በግንብና በአዳራሽ አልነበረም፤ በሸይኽና በደረሳ መካከል በነበረው ሰንሰለት ነበር። ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ስለ 19ኛው ምዕተ ዓመት የወሎ እስልምና በሚናገረው ጥናታቸው ይህን ሰንሰለት ያሳዩት በየስፍራው የተጠበቁ የዐረብኛ ጽሑፎችንና የቃል ትውፊትን አጣምረው ነው። ጽሑፎቹ በየቤቱ ባይጠበቁ፣ የሚናገሩላቸው ሰዎችም ባይገኙ ኖሮ ያ ጥናት ባልተቻለ ነበር።

ሦስት ቤቶች፣ ሦስት አደራደር

የሹም ቤት የሹምን ታሪክ ብቻ እንዲናገር የተፈረደበት አይደለም። ለማነጻጸር በአገራችን ያሉ ሦስት ሌሎች ቤቶችን መመልከት ይጠቅማል።

የመጀመሪያው የአዲስ አበባው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምም ቤተ መጻሕፍቱና ሙዚየሙ በዚያው ሆኑ። በአንድ ሕንፃ ውስጥ የንጉሡ መኝታ ቤት እንደ ነበረ ይታያል፤ የሕዝቦች ባህል የሚታይበት ክፍል ግን በብሔር ወይም በክፍለ ሀገር አልተከፋፈለም። የተደራጀው በሰው ዕድሜ ማለትም በልጅነት፣ በጕልምስናና በሞት ነው። ይህ አደራደር ትልቅ ትምህርት አለው። የሙስሊሙ ልጅ ሉሕ ለብቻው በተለየ ጥግ ከመቆም ይልቅ ልጅ በኢትዮጵያ እንዴት እንደሚማር የሚናገር ታሪክ አካል ሊሆን ይችላል። ቤቱ የንጉሥ ሆኖ ሳለ ተራኪው ሕዝብ ሆኗል።

ሁለተኛው በሐረር ጁገል ውስጥ በተለምዶ የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው ነው። አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ለዓመታት በግል ጥረታቸው የሰበሰቧቸውን ኪታቦች፣ ሳንቲሞችና የቤት ዕቃዎች አስቀድመው በገዛ መኖሪያ ቤታቸው ያሳዩ ነበር፤ በኋላ ስብስቡ ወደዚህ ቤት ተዛወረ። የእርሳቸው ሥራ ከብዙ ሙዚየም የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ያረጁ ኪታቦችን የመጠገንና የመጠረዝ ጥበብ ተምረው መጽሐፉን እንደ ሕያው ነገር ያክሙታል። ሁለተኛ፣ ከጽሑፉ ጎን የቃልና የዜማ ቅጂዎችን ሰብስበዋል። ስለዚህ ስብስቡ የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚሰማም ነው። ሐረር ይህን ያገኘችው የከተማው ሰው ቅርሱን በአደራ ለማስረከብ የሚያምነው አንድ የራሱ ሰው ስለነበረ ነው።

ሦስተኛው በጅማ ጅሬን ያለው የንጉሥ አባ ጅፋር ፪ኛ ቤተ መንግሥት ነው። ይህ ከሌሎቹ የሚለየው ባለቤቱ ሙስሊም በመሆናቸውና በግቢው መስጊድ በመኖሩ ነው። እዚህ ጎብኚው የሥልጣንንና የዒባዳን ስፍራ ጎን ለጎን ያያል። ይሁንና ይህም ቤት የሚያሳየው የንጉሥ እስልምናን ነው፤ የደረሳውን እስልምና ለማግኘት ከግቢው መውጣት ግድ ይላል። የቤት ባለቤት ሙስሊም መሆኑ ብቻውን የዒልምን ታሪክ አያስገኝም ማለት ነው።

ከሦስቱ የምናገኘው መለኪያ ግልጽ ነው። ሙዚየምን የሚመዝነው በመስታወቱ ውስጥ የእኛ ዕቃ መኖሩ ወይም አለመኖሩ አይደለም። ዕቃው በማን ታሪክ ውስጥ እንደገባ፣ ማን እንደሚናገርለት፣ ከቀድሞ አገልግሎቱ ጋር ያለው ዝምድና እንደተጠበቀ ወይም እንደተቈረጠ መጠየቅ ይገባል።

ከመስታወት በስተጀርባ ያለ ኪታብ

በብዙ ሙዚየሞች ከአንድ የዐረብኛ መጽሐፍ ሥር የሚነበበው ማብራሪያ «ጥንታዊ የእጅ ጽሑፍ ቁርኣን» ከሚል አያልፍም። አልፎ አልፎም መጽሐፉ ሲታይ ቁርኣን ሳይሆን የፊቅህ ወይም የነሕው ኪታብ ሆኖ ይገኛል። በዐረብኛ የተጻፈውን ሁሉ ቁርኣን ማለት የእውቀት ጉድለት ብቻ አይደለም፤ የወሎ ሸይኽ ለዓመታት የደከመባቸውን የዒልም ዓይነቶች ሁሉ በአንድ ስም ይደመስሳል።

አንድ ኪታብ ስለ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ የሚጠይቀው ሰው ብቻ ያስፈልገዋል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ጸሐፊው ስሙን፣ የጨረሰበትን ቀንና አንዳንድ ጊዜም ቦታውን ያሰፍራል። በመጀመሪያው ወይም በመካከሉ ገጽ የባለቤትነትና የወቅፍ ቃል ይገኛል። በኅዳጉ ሸይኹ ሲያቀራ ደረሳው የጻፈው ሐሺያ ይታያል፤ አንዳንዱም በዐጀሚ ነው። በገጹ ግርጌ የሚቀጥለው ገጽ የመጀመሪያ ቃል ይጻፋል፤ ቅጠሎቹ ብዙ ጊዜ ስላልተሰፉ ቅደም ተከተላቸው የሚጠበቀው በዚህች ቃል ነው። ወረቀቱ ወደ ብርሃን ሲያዝ የሚታየው የፋብሪካ ምልክት ከአውሮፓ በቀይ ባሕር በኩል የመጣ መሆኑን ሊያስረዳ ይችላል። በቀይ ቀለም የተጻፈው ማትን፣ በጥቁሩ የተጻፈው ሸርሕ የሆነበት ኪታብም የማስተማሪያ መንገዱን በገጹ ላይ ይዞ ይኖራል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ መስጊድ ያለ የፊቅህ ኪታብ መጨረሻው ላይ በ1295 ሒጅሪያ ተጽፎ አለቀ የሚል ቃል ቢገኝበት፣ ይህ ዓመት በአብዛኛው ከ1870 ዓ.ም ጋር ይገጥማል። ይህም የቦሩ ሜዳ ዓመት ነው። «ጥንታዊ የእጅ ጽሑፍ» የሚለው ማብራሪያ ይህን አይነግረንም። ቀኑን ያነበበ ኢማም ግን ለደረሳው፣ አገሩ በትእዛዝ በሚናወጥበት ዓመት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስለ ጦሃራና ስለ ሰላት ይጽፍ እንደነበር ሊያሳየው ይችላል። ሁለቱ ማብራሪያዎች ስለ አንድ ወረቀት ቢናገሩም የሚያስተምሩት እጅግ ይለያያል።

የ2014 ዓ.ም ትምህርት

ይህ ሁሉ የምሁራን ቅንጦት የሚመስለው ካለ የ2014 ዓ.ምን ያስታውስ። በዚያ ዓመት ጦርነቱ በሐብሩና በውጫሌ መንገድ አልፎ ደሴ ደረሰ፤ የደሴ ሙዚየምም ተዘረፈ፣ ጉዳትም ደረሰበት። በመስታወት ሣጥን የተቀመጠ ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ያመነ ሰው ያን ጊዜ እምነቱ ተናወጠ። በየገጠሩ ያሉ የመስጊድና የግለሰብ ኪታቦችም ከአደጋው ውጭ አልነበሩም።

ከዚህ ሁለት የተሳሳቱ መደምደሚያዎች ሊወጡ ይችላሉ። አንዱ «ለሙዚየም አትስጡ፤ ደብቁ» የሚል ነው። ሌላው «ገጠር አይጠብቅም፤ ሁሉን ወደ ከተማ አምጡ» የሚል ነው። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ቦታ ነው። በጦርነት ጊዜ ግን ገጠርም ከተማም ሊያዝ ይችላል። ከማንኛውም ቦታ የተሰረቀን ኪታብ ለማስመለስ የሚያስችለው አስቀድሞ የተያዘ መዝገብና ፎቶግራፍ ነው። ያልተመዘገበ መጽሐፍ በገበያ ሲገኝ የእኔ ነው ብሎ የሚጠይቅ ማስረጃ የለውም። የቅርስ ሕገ ወጥ ዝውውርን የሚከለክለው የዩኔስኮ የ1970 እ.ኤ.አ. ስምምነትም በተግባር የሚረዳው የጠፋው ነገር ምን እንደሆነ መግለጽ የሚችልን ባለቤት ነው።

በዚህ ረገድ የሐይቅን ገዳም ምሳሌ ማንሳት ተገቢ ነው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮፊልም የአብያተ ክርስቲያናትንና የገዳማትን መጻሕፍት ያነሣው ፕሮግራም የሐይቅን መጻሕፍትም አካቷል። ስለዚህ መጽሐፉ በስፍራው እየቀረ ምስሉ በሌላ ስፍራ ይኖራል። የዐረብኛና የዐጀሚ ኪታቦቻችን እንዲህ ያለ ሰፊ ዕድል ለረጅም ጊዜ አላገኙም። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የያዛቸውን ኢስላማዊ የእጅ ጽሑፎች ዝርዝር አሌሳንድሮ ጎሪና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። የሁለቱ ዓመታት ርቀት ይህ ዘርፍ ምን ያህል እንደዘገየ ያሳያል።

የራሳችን ጥፋት

ሙዚየሞችን ስንወቅስ ራሳችንን ነጻ ማውጣት አይገባም። ሦስት ጥፋቶች የእኛ ናቸው።

የመጀመሪያው ሽያጭ ነው። ሸይኹ ሲሞቱ ዐረብኛ የማያነቡ ወራሾች ኪታቦቹን ለአላፊ ነጋዴ ይሸጣሉ። ኪታቡ ወቅፍ ከሆነ ሽያጩ በሸሪዓ የማይጸና መሆኑን የሚነግራቸው ኢማም ቀድሞ ወደ ቤቱ ካልሄደ ጥፋቱ የወራሾቹ ብቻ አይሆንም።

ሁለተኛው ቀብር ነው። ያረጀ የቁርኣን ቅጠል ክብሩ ተጠብቆ እንዲቀበር ዑለሞች ፈቅደዋል። ችግሩ ግን በአንድ ከረጢት ውስጥ ከሙስሐፉ ቅጠል ጋር የፊቅህ ኪታብ፣ የወቅፍ ቃል፣ የዐጀሚ ግጥም፣ የኢጃዛ ወረቀት ሳይለይ አብሮ መቀበሩ ነው። ከመቅበር በፊት ቅጠል በቅጠል ማየትና ፎቶ ማንሳት ክብርን አይቀንስም።

ሦስተኛው የውስጥ ክርክራችን ነው። በመውሊድ፣ በሐድራና በመንዙማ ላይ በመካከላችን የተለያየ አቋም አለ። አንዳንዱም ከማይቀበለው ልማድ ጋር የተያያዘውን ጽሑፍ ሁሉ ማጥፋት እንደ ዲን ሥራ ያየዋል። ይህ ጸሐፊ ስለ ክርክሩ ፍርድ አይሰጥም። ነገር ግን የሚደግፍም የሚቃወምም የሚመሠረትበት ጽሑፍ ያስፈልገዋል። ዑለሞች ያልተቀበሉትን ንግግር እንኳ ከነባለቤቱ ጠቅሰው መልስ ሲሰጡ የኖሩት ያለ ጽሑፍ ፍትሐዊ ምላሽ ስለማይገኝ ነው።

ኢማሙና መምህሩ ምን ያድርጉ

አንደኛ፣ እያንዳንዱ መስጊድና የቂራኣት ቤት መዝገብ ይክፈት። ለአንድ ኪታብ አንድ ገጽ ይበቃል፦ የኪታቡ ስም፣ የዒልሙ ዘርፍ፣ የጸሐፊው ስምና የተጻፈበት ቀን፣ የወቅፍ ቃሉ እንዳለ፣ የቅጠሎቹ ቁጥር፣ በማን እጅ እንደነበረና ከማን እንደተቀራበት የሚናገሩ ሽማግሌዎች ቃል፣ እንዲሁም የመጀመሪያና የመጨረሻ ገጹ ፎቶ። የሽማግሌው ቃል ዛሬ ካልተጻፈ ነገ የሚጠየቅ ላይኖር ይችላል።

ሁለተኛ፣ ምዝገባን ከመነጠቅ ጋር አናምታታ። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በመንግሥትም በሌላ ሰውም ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ያውቃል፤ ባለይዞታው እንዲያስመዘግብም ያዛል። ስለዚህ ያስመዘገበ መስጊድ መብቱን ያጠናክራል እንጂ አያጣም።

ሦስተኛ፣ ወደ ሙዚየም የሚሄድ ኪታብ በጽሑፍ ውል ይሂድ። ወቅፍን ከተወሰነለት ቦታ ማንቀሳቀስ በሻፊዒያ ዘንድ ጠበቅ ያለ ነው፤ በሐንበሊያ ዘንድ ጥቅሙ ሲቋረጥ የመለወጥ በር አለ። ስለዚህ ናዚሩ አስቀድሞ የዋቂፉን ሸርጥ ይመርምር። ሸርጡ ከፈቀደ ከስጦታ ይልቅ ዓሪያ፣ ማለትም የጊዜ ውሰት ይሻላል። በሻፊዒያ ተዋሹ ለጠፋው ነገር ተጠያቂ ነው፤ በሐነፊያ ግን ወሰን ካላለፈ ወይም ቸል ካላለ አይጠየቅም። ሁለቱም መዝሀቦች በሚገኙበት በወሎ ኀላፊነቱ በውሉ ውስጥ በግልጽ ካልተጻፈ ጠብ ማስነሣቱ አይቀርም። ማብራሪያውንም መስጊዱ ራሱ ጽፎ ይስጥ።

አራተኛ፣ ተማሪ ወደ ደሴ ከመሄዱ በፊት ይዘጋጅ። የሹሙን ቤት ከማየቱ አስቀድሞ በሰፈሩ ያለውን አንድ ኪታብ ይይ፤ የመጨረሻ ገጹንም ከመምህሩ ጋር ያንብብ። ከዚያ በኋላ በሙዚየሙ ሲቆም ለእያንዳንዱ ዕቃ ሦስት ጥያቄ ያንሣ፦ ይህ የማን ነበር? እዚህ እንዴት ደረሰ? ማብራሪያው የተወው ምንድን ነው? ሲመለስም መልሱን ለመምህሩ በጽሑፍ ያቅርብ።

በደሴ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ አይጠየፍ ይባላል፤ የመጣውን ሁሉ የማይጸየፍ ማለት ነው። ሙዚየሞቻችንን በዚህ ስም ብንመዝናቸው ፍርዱ ከባድ አይሆንም። ደረሳውን ከሹሙ እኩል የሚያስገባ ቤት ስሙ ይገባዋል። ነገር ግን ደረሳው ሲገባ ስለ ራሱ የሚናገርበትን ቃል ይዞ መግባት አለበት፤ ያም ቃል ዛሬ በየመስጊዱ ሣጥንና በየሽማግሌው ልብ ነው ያለው። ወላሁ አዕለም።